በኮሪያ ንጉሥ የታገደ ጋብቻ

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ ከፋሲካ በኋላ ነው። እስካሁን ከአእምሮዬ ያልወጣው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ለትንሽ ቆሜ ልቀር ነበር። ሁለተኛ፣ ሊያስቀረኝ የነበረው ሌላ ሴት ወይም ክፉ ጎረቤት ቢሆን ይገባኝ ነበር። የእኔ ግን የኮሪያ ንጉሥ ነው። ያውም የፊልም።

አባቴ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሾፌር ነበር። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ሥራው የታሪክ ፊልም ማየት ነው። ሥራው ስል እየቀለድኩ አይደለም። ጠዋት ቁርሱን ይበላል፣ ኮቱን ይለብሳል፣ ከዚያ ቴሌቪዥኑ ፊት ይቀመጣል። ቤታችን የከተማችን ላይኛው ሰፈር ሴቻ ነው። ፊልም የሚጫንበት ሱቅ ያለው ግን ታችኛው ሰፈር ሲቀላ ስለሆነ በየሳምንቱ በሚኒባስ ወርዶ ፍላሹን አስሞልቶ ይመጣል። የፍቅር ፊልም አያይም፤ "የሰው ጓዳ ምን አገባኝ?" ይላል። ዘውድ፣ ፈረስና ሰይፍ የሌለበት ፊልም ለሱ ፊልም አይደለም።

የሚያያቸው በአማርኛ የተተረጎሙትን ነው። ተርጓሚው አንድ ሰው ነው። ንጉሡንም፣ ንግሥቲቱንም፣ የሚያለቅሰውንም ሕፃን እሱው ነው የሚናገረው። ያም ሆኖ አባቴ እንባውን ያፈሳል።

ደግሞ ዝም ብሎ አያይም፤ ይመክራል። "አትመነው! አትመነው አልኩህ! በል እንግዲህ፣ የራስህ ጉዳይ!" እያለ ይጮሃል። አንድ ደግ ንጉሥ በመርዝ የተገደለ ቀን ምሳ አልበላም አለ። እናቴ "ዛሬ ደግሞ ማን ሞቶብህ ነው? ለቅሶ እንድረስህ?" ብትለው አኮረፋት።

እኔ ሲቀላ ፋርማሲ ውስጥ እሠራለሁ። ሱራፌልን ያወቅሁት እዚያ ነው። የደሴ ልጅ ነው፤ የመንገድ ሥራ ሰርቬየር። ለጨጓራው መድኃኒት ሊገዛ መጣ። ጨጓራው ዳነ፣ እሱ ግን መምጣቱን አልተወም። ነገራችን የምር ሆነና ሽማግሌ ልላክ አለ። አባቴ ይህን ሲሰማ "መጀመሪያ ልጁን ልየው" አለና እሑድ ምሳ ተጠራ።

እኔ አባቴን አውቀዋለሁ። ስለዚህ ሱራፌልን አስቀድሜ አስጠናሁት።

"ስማኝ" አልኩት። "አባባ ፊልም መክፈቱ አይቀርም። አንተ አንድ ነገር ብቻ አድርግ። እሱ የደገፈውን ደግፍ።"

"እንደ ኳስ?" አለኝ። ሱራፌል የኳስ ሰው ነው፤ የታሪክ ፊልም አይቶ አያውቅም።

"እንደ ኳስ" አልኩት። ገባው። ጉዴ የፈላው ከሚገባው በላይ ስለገባው ነው።

እሑድ መጣ። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሷል፣ ፀጉሩን ተቆርጧል፤ እናቴ ገና በር ላይ ወደደችው። አሣ ቀረበ። አባቴ ትንሽ ስለ ደሴ ጠየቀውና ሪሞቱን አነሣ።

ፊልሙ እንዲህ ነው። አንድ የኮሪያ ንጉሥ ታናሽ ወንድም አለው። ወንድሙ ይሸፍትና የንጉሡን ጎተራ ያቃጥላል። ሕዝቡ ይራባል። አባቴ ከመጀመሪያው ጀምሮ ከንጉሡ ጋር ወገነ። "ይህን ወንበዴ!" ሲል፣ ሱራፌል "ወንበዴ!" ይላል። ንጉሡ ጦርነት ሲያሸንፍ አባቴ "እሰይ!" ሲል፣ ሱራፌል "እሰይ!" ብሎ ያጨበጭባል። አባቴ ደስ ብሎት ትልቁን አሣ ወደሱ ገፋለት። እኔ ጓዳ ገብቼ ብቻዬን ሳቅሁ። አለቀ፣ ተዳርኩ አልኩ።

ከዚያ ወንድምየው ተሸንፎ ምሽግ ውስጥ ተደበቀ። ንጉሡ ሠራዊቱን ይዞ ሊጨርሰው ሲገሰግስ የአገሩ ሽማግሌዎች ወጥተው መንገዱ ላይ ተንበረከኩ። ነጭ ለብሰዋል። "ንጉሥ ሆይ፣ ስለ ሽበታችን ብለህ ወንድምህን ማርልን" አሉ። ይህን ሲያይ አባቴ ዝም አለ። ሱራፌል ግን ዝምታውን አላየም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር። እኛ ጋሞዎች ዘንድ ሁለት ወገን ሲጣላ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው መሃል ይገቡና ይንበረከካሉ። የቱንም ያህል ደምህ ቢፈላ ያንን ሣር ተሻግረህ፣ የተንበረከከውን ሰው አልፈህ አትሄድም። ማለፍ ጎሜ ነው። ጎሜ የማይደረገውን ማድረግ ማለት ነው፤ ያደረገውን ሰው እርሻውንም፣ ከብቱንም፣ ልጁንም ይከተለዋል ይባላል። አባቴ ተራራው ላይ ባለችው የጋሞ መንደር ኦቾሎ አባቱ እንዲህ ሲንበረከክ እያየ ነው ያደገው።

ንጉሡ ፈረሱን ኮርኩሮ በሽማግሌዎቹ ላይ አለፈ።

ቤቱ ጭጭ አለ። እናቴ አፏን በነጠላዋ ያዘች። በዚያ ጸጥታ መሃል ሱራፌል አጨበጨበ። "እሰይ! አንበሳ!" አለ።

በእግሬ ልረግጠው ሞከርኩ። የረገጥኩት እናቴን ነበር። አባቴ ሪሞቱን አነሣና ቴሌቪዥኑን አጠፋው። ፊልም ከመሃል ሲያጠፋ በሕይወቴ አይቼ አላውቅም። "ምሳህን ጨርስ" አለው።

ሱራፌል እንደወጣ አባቴ ቁጣውን በጋሞኛ ጀመረ። ጋሞኛው ያልፋል። የሚያስፈራው ወደ አማርኛ ሲሻገር ነው፤ የመሥሪያ ቤት ቁጣ ይሆናል። "ሰው ተንበርክኮ ሲረገጥ የሚያጨበጭብ ሰው፣ ነገ አንቺ ስታለቅሺ ያጨበጭባል። ለእንዲህ ያለው የሚሰጥ ልጅ የለኝም። ጉዳዩ ተዘግቷል!" አለ።

ለእናቴ እውነቱን ነገርኳት፤ ደግፍ ያልኩት እኔ ነኝ አልኳት። ደነገጠች። "እንዳትነግሪው! ጨካኝ ነው ቢል ይሻላል። ጨካኝ ሰው ቢያንስ የራሱ አሳብ አለው። አጨብጫቢ ነው ካለ ግን አበቃለት" አለችኝ።

ለሱራፌል ደወልኩ። "ሽማግሌዎቹን አላየሃቸውም እንዴ?" ብዬ ጮህኩበት፤ ሣሩንም ጎሜውንም አስረዳሁት።

"አይቻቸዋለሁ። እኔም ደንግጬ ነበር" አለኝ። "ግን ንጉሡ የእኛ ነው ብለሽኝ የለም እንዴ?"

ስልኩን ዘጋሁት። ከዚያ ግን ማሰብ ጀመርኩ። እኔ ደግፍ ስለው አንዴ እንኳ "ካልመሰለኝስ?" አላለም። ነገ አለቃው፣ ከነገ ወዲያ ጓደኛው ደግፍ ቢለውስ? የማገባው ሰው የራሱ ልብ አለው ወይስ የለውም? ይህ ጥያቄ ከአባቴ ቁጣ በላይ አስፈራኝ። ለማንም ግን አልተናገርኩም።

ሱራፌል ተስፋ አልቆረጠም፤ በሚቀጥለው እሑድ ሽማግሌ ላከ። አንዱ አከራዩ አቶ ባሳ ናቸው። አቶ ባሳ የአባቴ የኦቾሎ አብሮ አደግ ናቸው፤ በልጅነታቸው አብረው ወደ ከተማ የወረዱ፣ የማይለያዩ ጓደኛሞች። ሁለተኛው ጋሽ ተስፋዬ ናቸው። በወጣትነታቸው ለማስተማር ከጎጃም መጥተው እዚሁ ሸብተው የቀሩ ጡረተኛ መምህር። ሱራፌል ራሱ ደንቡ ስለማይፈቅድ ሲቀላ አንድ ጁስ ቤት ተቀምጦ ይጠብቃል።

እንደ ወጉ ሽማግሌዎቹ "እሺ ካልተባልን አንቀመጥም" ብለው ቆሙ። አባቴ እሺም እንቢም ሳይል ክሱን አቀረበ። ሲጨርስ አቶ ባሳ ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ያላየነውን ነገር እንዴት እንመልስልህ? እስቲ ክፈተው" አሉ።

የአባቴ ዓይን በራ። ጋሽ ተስፋዬ "እዚያችን ቦታ ብቻ ብናይ" ቢሉ "ታሪክ ከመሃል አይፈረድም!" ብሎ ከመጀመሪያው አስከፈተኝ። ሪሞቱን የያዝኩት እኔ ነኝ። የራሷን ጋብቻ በሪሞት የመራች ሴት ከእኔ ሌላ መኖሯን እንጃ።

ሱራፌል ደወለ። ጓዳ ገብቼ አነሣሁት።

"ምን አሉ?"

"ገና ጎተራው አልተቃጠለም።"

"ምን?"

"ፊልም እያዩ ነው።"

"ሽማግሌዎቼ?"

"አዎ። ቆመው።"

ፊልሙ ረዥም ነው። የጋሽ ተስፋዬ ጉልበት ደግሞ ሪህ አለበት። አንዴ በዚህኛው፣ አንዴ በዚያኛው እግራቸው ሲቆሙ ቆይተው በመጨረሻ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "እንግዲህ ይህ መቀመጥ ለፊልሙ እንጂ ለልጅቷ ጉዳይ እንዳልሆነ ይታወቅልን" አሉና ሶፋው ላይ ዘፍ አሉ። አቶ ባሳም ተከተሏቸው። እናቴ ለፊልም የተቀመጠ ሽማግሌ ቆሎ ይቀርብለታል ወይስ አይቀርብለትም ብላ ስትጨነቅ ቆይታ አቀረበች።

ሽማግሌዎቹ መንገድ ላይ የተንበረከኩበት ቦታ ደረስን። ፈረሱ አለፈ። አባቴ "አያችሁ?" ሲል አቶ ባሳ እጃቸውን አነሡ።

"አቁሚው! መልሺው!" አሉኝ። መለስኩት። "አሁንም መልሺው። እዚህ ጋ! ይህ ፊት ያለው ሽማግሌ ወገቡ ላይ የታጠቀው ምንድነው?"

ሁላችንም ወደ ቴሌቪዥኑ ተጠጋን። እውነትም ቢላ ታጥቋል።

"ቢላ ታጥቆ ሽምግልና አለ እንዴ?" አሉ አቶ ባሳ። "እኛ አባቶቻችን እንዲህ ነው ያስተማሩን?"

"ኧረ ጌጥ ነው!" አለ አባቴ።

"ምን ጌጥ ነው፣ ቢላ ነው! ደግሞ ወንድምየው ጎተራ ማቃጠሉን አምኗል? አላመነም። ጥፋቱን ያልተናገረ ሰው ምን ተብሎ ይታረቃል? መጀመሪያ እውነት ይነገራል፣ ከዚያ ነው ዕርቅ። ይህን አንተም ታውቃለህ።"

"የተንበረከከን ሰው ኪሱን ፈትሸህ ነው እንዴ የምታከብረው?"

"በሐሰት ከተንበረከከ አዎ!"

ሁለቱም ተነሡ። ጋሽ ተስፋዬ መሃል ገብተው "ወገኖቼ፣ ኮሪያ ነው እኮ! ኮሪያ ነው!" ይላሉ፤ ማን ይስማቸው? እኔ ፊልሙን ላቆም ስል ተሳስቼ ድምፁን ጨመርኩት። ፈረሱ ያሽካካል፣ አባቴ ይጮሃል፣ ቆሎው ተደፋ።

"ልጁ ያጨበጨበው ለእውነት ነው!" አሉ አቶ ባሳ። "እኔም አጨበጭባለሁ!" ብለው አባቴ አፍንጫ ሥር ጨብ ጨብ አደረጉ።

አባቴ በሩን አሳያቸው። "ውጣልኝ!"

"ዛሬ ከወጣሁ ለቀብርህም አልመጣ!"

ይህ ቃል ሲወጣ ሳቄም ቁጣዬም በአንድ ጊዜ ጠፋ። እናቴ አለቀሰች። እነዚህ ሁለት ሰዎች በልጅነታቸው አንድ ጋቢ ለብሰው ያደጉ ናቸው። እኔ ስወለድ እናቴን ሐኪም ቤት ያደረሳት አባቴ አይደለም፣ እሱ መስክ ሥራ ላይ ነበር፤ አቶ ባሳ ናቸው። የእኔ ትዳር ቀርቶ እነሱ ሊለያዩ ነው። አቶ ባሳ ባርኔጣቸውን መንጭቀው ወደ ውጭ በር ሄዱ። አባቴ እየጮኸ ከኋላ ተከተላቸው።

በሩ ሲከፈት ሱራፌል ቆሟል። ለካ ደግሞ ሲደውል ስልኩን ስላላነሣሁ ጭንቀት ይዞት በባጃጅ መጥቶ ኖሯል። ጩኸቱን ከውጭ ሰምቷል። አንዴ አቶ ባሳን፣ አንዴ አባቴን አየ። ከዚያ በሩ አጠገብ ወዳለው የእናቴ ጠጅ ሣር ዘሎ ሁለት እፍኝ ከነሥሩ ነቀለና መተላለፊያው ላይ ተንበረከከ። እናቴ ጠዋት ውኃ አጠጥታው ስለነበር አዲሱ ሱሪው እስከ ጭኑ ጭቃ ሆነ።

አቶ ባሳ ቀጥ አሉ። በሩ ጠባብ ነው፣ መዞሪያ የለውም።

"ተነሥ ልጄ፣ ይህ የሽማግሌ ሥራ ነው" አሉት።

"አልነሣም።"

"ልጅቷን የከለከለህ እሱ ነው፤ እኔ ምን አደረግሁ? እሱን ለምነው።"

"ስለ እሷ አይደለም" አለ ሱራፌል። "እኔ ቢቀርብኝ ይቅር። እናንተ ግን በእኔ ምክንያት እንዳትለያዩ። እለምናችኋለሁ።"

አባቴ ጩኸቱን አቆመ። ቀስ ብሎ መጥቶ ከአቶ ባሳ ጎን ቆመ። ከጠጅ ሣሩ ሥር ጭቃ ይንጠባጠባል፣ ሽታው ግቢውን ሞልቶታል።

"ያን ቀንስ ለምን አጨበጨብክ?" አለው አባቴ።

"እርስዎ ንጉሡን የሚደግፉ መስሎኝ ነው፣ ጋሼ።"

"ሰው ሲረግጥም?"

"ልቤ አልፈቀደም ነበር። እርስዎን ላስደስት ብዬ ነው።"

አባቴ ዞሮ እኔን አየኝ። እናቴ እኔን አየችኝ። ጋሽ ተስፋዬ እንኳ እኔን አዩኝ። እኔ የአጥሩን ቆርቆሮ አየሁ።

"አስተማሪህን አላጣኋትም" አለ አባቴ። "እኔን ለማስደሰት ሰው አይረገጥም። ገባህ?"

"ገባኝ።"

አንድ ክንዱን አባቴ ያዘ፣ ሌላውን አቶ ባሳ። ሲያነሡት ሁለቱ ፊት ለፊት ተያዩ።

"ቢላው ግን ቢላ ነው" አሉ አቶ ባሳ።

"ጌጥ ነው" አለ አባቴ። ከዚያ ሁለቱም እንደ ልጅ ሳቁ፤ አቶ ባሳ ዓይናቸውን በባርኔጣቸው ጠረጉ። እናቴ "ወይኔ ጠጅ ሣሬን!" ብላ ከሱራፌል እጅ ተቀብላ መልሳ ለመትከል ሮጠች።

"በሉ እንግባ" አለ አባቴ። "ልጄን ሰጥቻለሁ።"

ጋሽ ተስፋዬ ምርቃት ሊጀምሩ እጃቸውን ዘረጉ።

"ቆይ!" አልኩ። "እኔ ገና አልተስማማሁም!"

ሁሉም ዞሩ። እኔ ንዴት አንቆኛል። "ቢቀርብኝ ይቅር ያለው ምኑን ነው? በግ ነኝ? እኔ እኮ ነኝ የምቀረው!"

"እውነቷን ነው" አሉ ጋሽ ተስፋዬ፣ እጃቸውን ሳያጥፉ።

ሱራፌል በጭቃ ሱሪው ወደ እኔ መጣ። ግራ ተጋብቷል። "ምን ልበልሽ?" አለኝ።

"የመሰለህን!" አልኩት። "እኔ የምፈልገውን አይደለም፣ አባባ የሚፈልገውን አይደለም። አንዴ እንኳ አንተ የመሰለህን በል!"

አሰበ። የምሬን ነው የምላችሁ፣ በዚያች ደቂቃ የሚለውን ካልወደድኩት ልተወው ቆርጬ ነበር።

"አንቺ ከቀረሽብኝ አልድንም" አለ። "ለእነሱ ያልኩት ግን ከልቤ ነው፣ አልመልሰውም።" ወደ አባቴ ዞሮም ጨመረ። "ሌላው ደግሞ… ጋሼ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እኔ የታሪክ ፊልም አልወድም። ያን ቀንም እንቅልፌን በግድ ነው የያዝኩት።"

በአባቴ ግቢ ይህን ቃል ደፍሮ የተናገረ ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም። አባቴ አፉን ከፍቶ ቀረ። አቶ ባሳ ሊያጨበጭቡ እጃቸውን አንሥተው ተዉት። እናቴ ጎንበስ እንዳለች ሳቋን መቆጣጠር አቃታት።

እሺ ያልኩት ያን ጊዜ ነው።

አሁን ተጋብተን እሑድ እሑድ ምሳ የምንበላው አባቴ ቤት ነው። አቶ ባሳም አይቀሩም፤ በየፊልሙ የሚሟገቱበት ነገር አያጡም። ያን ቀን ሳስበው አሁንም ያስቀኛል፣ ትንሽም ያሳፍረኛል። ባሌን የመረጥኩት ግን ያን ቀን ነው፤ ከዚያ በፊት የወደድኩት እኔ ያስጠናሁትን ሰው ነበር። ፊልሙ ተከፍቶ ገና ፈረሶቹ መሮጥ ሲጀምሩ ሱራፌል ሶፋው ላይ ተጋድሞ እንቅልፉን ይለጥጠዋል። አባቴ ያየውና ምንም ሳይል ሪሞቱን አንሥቶ ድምፁን ይቀንስለታል።